ከባሌስትራው ሥር የገባው ትራስ

መጤው ጋራዣችን የመጣ ቀን፣ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ የጠላሁት እጁን ነው። ረጅምና ቀጭን፣ ዘይት የማይዘው እጅ ነበረው። እኔ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ለሰው ሠርግ እንኳ አይለቅም። እሱ ግን ካምቢዮ አውርዶ፣ ታጥቦ ሲመለስ የባንክ ጸሐፊ ይመስላል። መጤ የምለው ደግሞ ለክፋት ነው። ሐዋሳ ያኔ አዋሳ ነበረች፤ በዚያች ገና በምትሠራ ከተማ መጤ ያልሆነ ሠራተኛ ስንቱ ነበር? እኔ ራሴ ከሆሳዕና በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ የመጣሁ ነኝ። እሱ የመጣው ከደብረ ዘይት ነው። ልዩነታችን ሰባት ዓመት መቅደሜ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

ጋራዡ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነበር። ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ ብረት መያዣ የዛገ ሞርሳ ነው ንብረቱ። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሥራ የተማሩ፣ ከወሬ ይልቅ ለብሎን ድምፅ ጆሮ የሚሰጡ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ነበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አድርገው ማን እንደመጣ ለመለየት ሲታገሉ ሳይ አዝናለሁ። ባላዝን ይሻላል ግን፤ ምክንያቱም ከሐዘኔ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ዓይናቸው ሲጠፋ መዶሻቸው ለአንዳችን ይደርሳል።

ስለ መዶሻዋ ልንገራችሁ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ እጀታዋ በላብ የጠቆረ ትንሽ መዶሻ ነች። በጋሼ ጋራዥ አንድ ሕግ ነበር። የሠራኸው መኪና መጀመሪያ አጭር መንገድ ይነዳል፤ ሲመለስ የሠራው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ከሥሩ ገብቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታል። ይህን ማስነካት እንለዋለን። የጠበቀ ብሎን እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላ ደግሞ ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። መርማሪው ደህና መሆኑን ሲያረጋግጥ በጠመኔ የራሱን ምልክት ያደርጋል፤ የእኔ ሁለት ሰረዝ፣ የመጤው ክብ ነበር። ምልክት የሌለው መኪና ከበር አይወጣም። የመጨረሻው ቃል ግን የትንሿ መዶሻ ባለቤት ነው። እሱ ይውጣ ሲል ይወጣል፣ ይደር ሲል ያድራል። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ይህችን መዶሻ ነበር።

መጤው በመጣ በሁለት ወሩ እትዬን በሲዳምኛ ሰላም አላቸው። እትዬ የጋሼ ባለቤት ናቸው፤ የቡሹሎ ሰው። ምሳችንን ከቤታቸው ይዘውልን ይመጣሉ። እኔ በሰባት ዓመት ከሲዳምኛ የያዝኩት የስድቡን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ስለ እናታቸው ጤና ጠየቃቸው። እትዬ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ትልቁ ቆሮሶ ከእሱ ሳህን ላይ ተጋድሟል። የእኔ ዓሣ አጥንቱ ከሥጋው ይበዛ ነበር። በዓሣ የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ። 

በዚያ ዘመን አዲስ ባሌስትራ፣ መኪናውን ከአክስሉ ላይ የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ማግኘት ዘበት ነበር። መለዋወጫ ከመጣም መጀመሪያ ለመንግሥት መኪኖች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ባሌስትራው ደክሞ ኋላው የተቀመጠ መኪና ሲመጣልን በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ወፍራም ጉማጅ እናስገባና ረዘም ባለ ብሎን ሦስቱን አንድ ላይ እናስራለን። መኪናው ከፍ ይላል፣ ሆዱም ጭቃ አይጠርግም። ጋሼ ጉማጁን ትራስ ይሉታል። ስለ ትራስ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ትራስ ለኋላ እንጂ ለፊት እግር አይሠራም፤ ፊት መሪ አለ ይላሉ። በትራስ ላይ ትራስ አይደረብም። የፍሬኑ ቱቦ ተወጥሮ እንዳይበጠስ ቀድሞ ይለካል። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር።

የጋሼ የራሳቸው ፒክአፕም ክረምት ሲመጣ ወደ ቡሹሎ መሄድ አቃታት። እዚያ የእትዬ የእንሰት ማሳ አለ። ከሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ሲረጥብ ፒክአፗ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኝቶ ትቀራለች። አንድ ጠዋት ጋሼ፣ “ትራስ ይግባላት” አሉ። እኔ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መጤው አዙረው፣ “አንተ ሥራት” አሉት።

የሌላ ሰው መኪና ቢሆን ምንም አልነበረም። የራሳቸውን መኪና ለእሱ ሰጡት!

መጤው መጀመሪያ ትራሱን ከወይራ እንጨት ጠርቦ መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ደንበኞች በተሰበሰቡበት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሙቀጫ ነው እንጂ ትራስ አይደለም” አልኩ። “እንጨት ውኃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮሰምናል፣ ጭነት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ያን ቀን አክስሉ ብቻውን ቡሹሎ ይደርሳል!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም፣ “እውነቱን ነው” አሉ። የመጤው ፊት ሲጠቁር ለማየት ዞርኩ። እሱ ግን ከሁሉም በላይ እየሳቀ ጉማጆቹን ከብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ “ምቀኛ አታሳጣኝ!” አለ። ሳቁ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

በሦስተኛው ቀን ከቶርኖ ቤት የተቆረጠ ጥርት ያለ ብረት ይዞ መጣ። ቁመቱ አራት ጣት ነው። የባሌስትራው መሐል ብሎን የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ልክ በልክ አስበስቶታል። የፍሬኑን ቱቦ ለካ፣ ዐጠረ፣ ረጅም ፈልጎ ቀየረ። ስህተት ለማግኘት ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ አጣሁ። 

የአብዮት በዓል የሚቀርብበት ሰሞን ነበርና ቀበሌው በሩንና የመንገዱን ድንጋይ ሁሉ ቀይ አስቀብቶ ነበር። ለእኛም አጥራችሁን ቀቡ ብሎ አንድ ጣሳ ቀለም ሰጥቶናል። መጤው ከተረፈው ቀለም ወስዶ ትራሶቹን ከላይ እስከ ታች ቀባቸው። “እንዳይዝጉ” አለ። ወፍራም ቀለም ነበር፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ያበራል። ጋሼ በጣታቸው ዳሰሱትና ልስላሴው ደስ አላቸው። እኔም ሆንኩ ጋሼ በዚህ ላይ አንድ ቃል አልተናገርንም። እስከዚያ ቀን ድረስ ትራስ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ትራሶቹ ገቡ። መጤው በትልቁ ቁልፍ እየተንጠለጠለ ብሎኖቹን አጠበቃቸው፤ አይቼዋለሁ፤ አልለገመም። ነዳጅ በኩፖን ነውና እስከ ታቦር ዳገት ብቻ ነድቷት ተመለሰ፣ ከበር ውጪ አቆማት። ወደ እኔ መጥቶ፣ “አስነካልኝ፤ እኔ ጋሼን ቤት አድርሼ እመለሳለሁ” አለኝ።

ጆንያ አንጥፌ ከሥር ገባሁ። በግራ በኩል ያሉት አራቱም ጥርት ብለው ጮኹ። በቀኝ በኩል የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛው ድፍን አለ። ደግሜ መታሁት፤ አሁንም ድፍን። ሦስተኛውም እንዲሁ፤ አራተኛው ጮኸ። መጤው ሲያጠብቅ በዓይኔ ስላየሁ ገረመኝ። ገና አልሄደም ነበርና ቁልፉን አምጣ ልለው አፌን ከፈትኩ።

በዚህ መሐል እግር መጣ። የጋሼ አሮጌ ጫማና የመጤው ሸራ ጫማ ከፊቴ ቆሙ። ጋሼ ከሥር መኖሬን አላወቁም። እጃቸውን በመጤው ትከሻ ላይ አድርገው ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። “ዓይኔ ቢያይ ኖሮ እንዲህ ነበር የምሠራት። በዓሉ ይለፍና መዶሻዋን ላንተ ነው የማስረክባት” አሉት። መጤው ምን እንደመለሰ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ውስጥ ደም ይጮህ ነበር። ጫማዎቹ ቀስ እያሉ ሄዱ።

ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ። በሚጮኹት ላይ ሁለት ሰረዝ፣ በማይጮኹትም ላይ ሁለት ሰረዝ አደረግኩ።

ሰው እንዲጎዳ አልፈለግኩም። ይህን ስል ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ለማዳንማ ዘግይቷል። የፈለግኩት ፒክአፗ ከጋራዡ ትንሽ ርቃ እንድትንቋቋ፣ ጋሼ በጆሯቸው እንዲሰሙ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰበሰብና ያ ንጹሕ እጅ እንዲያፍር ነበር። ለእሱ ውርደት የሚሆን ልክ ያለው ብልሽት ነው የተመኘሁት። ብረት ግን የሰው ምኞት ልክ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ጋሼና እትዬ ለባብሰው መጡ። የእንሰት ችግኝ ወደ ማሳው ሊወስዱ ነው። መጤው መሪ ያዘ፣ ጋሼ መሐል ተቀመጡ፣ እትዬ በመስኮቱ በኩል። ልሰናበታቸው ስቆም ጋሼ፣ “አንተም ና እንጂ፣ ችግኙን ታወርድልናለህ” አሉኝ።

ክፉ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ የቆፈርኩት ከእግሬ ሥር ነበር። ያኔ “ቆይ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ላስነካት” ማለት እችል ነበር። ስድስት ቃል ናት። ግን ትናንት ምልክት ያደረግክበትን ዛሬ ለምን ብሎ መጤው ጋሼ ፊት ቢጠይቀኝስ? መዶሻዋ ያኔ ለዘላለም አመለጠችኝ። ከኋላ ወጣሁና ከችግኙ ጋር ተቀመጥኩ፤ ልክ ከቀኙ ጎማ በላይ።

አስፋልቱን እስክንጨርስ ምንም አልነበረም። ሐይቁ በቀኛችን ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ጭቃውን ስንጀምር ከበታቼ እንደ በር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል ነገር ሰማሁ። በኋለኛው መስተዋት እትዬ መጤውን በሲዳምኛ ሲያጫውቱት፣ እሱም ሲመልስላቸው ይታየኛል። ጋሼ መሐል ተቀምጠው እንደ አባት ፈገግ ይላሉ። እውነቱን ልናገርና፣ እዚያ ላይ እንኳ፣ ሞት ከሥሬ ሲጢጥ እያለ፣ ቀናሁ። እጄን ወደ ጣሪያው አነሳሁ፤ እነሱ ሲስቁ መልሼ አወረድኩት። ትንሽ እንቆይ አልኩ። ትንሽ።

አንድ ጉድጓድ ገባን፣ ወጣን። ወደ ታች አጎንብሼ አየሁ። የቀኙ ጎማ ከቦታው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ጭቃ መከላከያውን ሊነካ ነው። ያኔ በሁለት እጄ ጣሪያውን ደበደብኩት። “አቁም! አቁም!” መጤው ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ልትቆም ስትል ትራሱ ተፈናጥሮ ወጣ፣ አክስሉ ተጠማዘዘ፣ ፒክአፗ ጎኗን ሰጥታ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባች። ከችግኙ ጋር ጭቃ ላይ ወደቅኩ።

የመጀመሪያው ድምፅ የእትዬ ነበር። ቀኝ እጃቸው በመስኮቱና በቦዩ ግድግዳ መካከል ተይዟል። መጤው አቅፎ አወጣቸው። አንጓቸው ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ደርሰው በጋሪ ወደ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ጋሼ እንዳበደ ሰው ጭቃው ላይ ቆመው፣ “ምኗ ነው የተበላሸው? ንገሩኝ እንጂ፣ እኔ አላይም!” እያሉ ይጮኹ ነበር።

መጤው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ከሥር ገባን። የተፈናጠረው ትራስ መሐላችን ወድቋል። ባሌስትራው ያረፈበት ፊቱ ላይ ቀለሙ ተጨምቆ ዳር ዳሩን እንደ ልጥ ተልጦ ነበር። ያኔ ገባኝ። ብሎኖቹ የጠበቁት ብረት በብረት ላይ አይደለም፤ በበዓል ቀለም ላይ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ቀለሙ ሲሸሽ ብሎኑ ላላ። መጤው አልለገመም ነበር። ደግሞ ማጥበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ያን የሚነግረው ደግሞ የእኔ መዶሻ ነበር።

ዓይኑ ቀና ብሎ ብሎኖቹ ላይ አረፈ። ሁለት ነጭ ሰረዝ፣ ሁለት ነጭ ሰረዝ። ከዚያ እኔን አየኝ። ጭቃ ውስጥ በሆዳችን ተኝተን ፊት ለፊት ተያየን።  መጤው ያን ንጹሕ እጁን ዘረጋና በአውራ ጣቱ ምልክቶቹን አንድ በአንድ፣ የሁሉንም፣ ጠረገ። ጣቱን በሱሪው አበሰና ወጣ።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” ሲል ሰማሁ። “ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥቼ ሳላስነካ ነው የተውኳት።”

“ሳታስነካ?”

“ሳላስነካ።”

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ፒክአፗ አዞሩ። ከዚያ፣ “ጣሪያውን የመታው ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ ጋሼ” አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉና ጆሮዬን ያዙ። “ይህ ጆሮ ነው ያተረፈን” አሉ። እኔም እውነት እንደሆነ ሁሉ ጆሮዬን አስይዤ ቆምኩ።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሳይከፈት መጤውን በር ላይ ጠበቅኩት። “ለምን?” አልኩት። ሊመታኝ ይችላል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ቆርቆሮው ላይ ተደገፈ። “እኔ ቀብቼ አላላሁት፣ አንተ ሰምተህ ተውከው” አለኝ። “ጋሼ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሁለት ሰው ከሚያጡ አንድ ይጡ።”

“ታዲያ የሚታጣው እኔ እንድሆን ለምን አላደረግክም?”

“አንተ ቀድመህ ነው የመጣኸው” አለና ሥራ ልብሱን ሊለብስ ገባ።

በዓሉ እንዳለፈ ጋሼ በደንበኞች ፊት መዶሻዋን ሰጡኝ። ሰው አጨበጨበ። መጤውን ከጉድጓድ አውጥተው ዕቃ በጋዝ እንዲያጥብ አደረጉት፤ እጁ በጋዝ ተላጦ እንደ እኔ እጅ ጠቆረ። እትዬ እጃቸው ቢጠገንም ጣታቸው መጨበጥ አልቻለም። በግራ እጃቸው ነበር ምሳ የሚያቀርቡት። አሁን ትልቁ ቆሮሶ የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ “ነፍሳችንን ያተረፈ” እያሉ። ለመጤው ከእንግዲህ በሲዳምኛ አይመልሱለትም። የተመኘሁት ሁሉ ምንም ሳይጎድል መጣልኝ። ዓሣውን በውኃ አወርደው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጋሼም እትዬም ሳያውቁ አረፉ፤ አልነገርኳቸውም።

መጤው ከእኛ ጋር የቆየው እስከ ገና ነው። ዲላ ውስጥ ቡና የሚያመላልስ ሰው ሥራ ሰጠው። ሊሄድ ሲል የዚያን ሰው ፒክአፕ ይዞ መጣ፤ ራሱ ነበር ትራስ ያስገባላት። ብረቱ ቀለም አልነካውም። በሩ ላይ አቁሟት ወረደና እንደ ድሮው፣ “አስነካልኝ” አለኝ።

ጆንያ አንጥፌ ገባሁ። ስምንቱንም መታሁ፤ ስምንቱም ጮኹ። ደግሜ መታሁ፣ ሦስተኛም መታሁ፤ ደንበኛ ይጠብቀኝ ነበር፣ ግድ አልነበረኝም። ጠመኔዬን አውጥቼ ስምንት ጊዜ ሁለት ሰረዝ አደረግኩ። ስወጣ መጤው መሪው ላይ ተቀምጧል። ሞተሩን አስነስቷል።

“ደህና ነች?” አለኝ።

“ደህና ነች።”

“በል ደህና ሁን” አለና ማርሽ አስገባ። ቁልቁለቱን፣ የይርጋዓለምን ጥምዝ፣ እስከ ዲላ ያለውን መንገድ ሁሉ በእኔ ሁለት ሰረዝ ላይ ሊሄድበት ነው። ወርዶ ከሥር አላጎነበሰም። አንድ ብሎን በጣቱ አልነካም። እኔ ብሆን አጎነብስ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጎነብስ ነበር። ከእጁ፣ ከሲዳምኛው፣ ከጋሼ ፍቅር ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የምቀናበት ይህን ነው።